ጆሮ የሚከፍለው ዕዳ

በጽኑ ደዌ ተይዞ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው፣ ሕመሙ ለቆት ከአልጋው በተነሣ ጊዜ ጆሮው እንደ ቀድሞው አልሰማ እንዳለው ሲናገር፣ ዘመድም ጎረቤትም «እንኳን ነፍስህ ተረፈች» ብሎ ያጽናናዋል። ማጽናኛው ከልብ የመጣና የሚገባ ነው። ነገር ግን ያንኑ ቃል መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም፣ የሕክምናን ሥርዓት የሚያወጣው ባለሥልጣንና ገንዘቡን የሚመድበው መሥሪያ ቤት ተቀብለው ሲደግሙት፣ ማጽናኛነቱ ይቀርና የስንፍና መሸፈኛ ይሆናል። ነፍስ ትድን ዘንድ ጆሮ ዋጋ መክፈሉ ግድ ነው የሚለው አሳብ ሰማንያ ዓመት ያህል በሕክምናው ዓለም ሲኖር፣ ብዙዎች እንደ ሕገ ተፈጥሮ ቆጥረውት ኖረዋል። የቅርብ ዓመታት ምርምር ግን ይህ ዕዳ ማንም ያልደነገገው፣ በሕዋስ ውስጥ ዘወትር የሚከናወን አንድ ጠቃሚ ግብር መሥመሩን ስቶ የሚያደርሰው ጉዳት መሆኑን እየገለጠ ስለ ሆነ፣ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት አሳብ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ነገሩ የሚመለከታቸው መድኃኒቶች ወገን አሚኖግላይኮሳይድ ይባላል። በኩሩ ስትሬፕቶማይሲን ሲሆን፣ እርሱንም እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ በሚገኘው በሩትገርስ፣ በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ተማሪ አልበርት ሻትዝ፣ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ አገኘው። ከዚያ በፊት የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ከንጹሕ አየር፣ ከመልካም ምግብና ከዕረፍት በቀር ደዌውን ከሥሩ የሚነቅልለት መድኃኒት አልነበረውምና፣ የስትሬፕቶማይሲን መገኘት በዚያ ዘመን የነበሩትን ሐኪሞች በአንክሮ የሞላ ነገር ነበር። ዋክስማን በ1952 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ፤ ሻትዝ ግን ከሽልማቱ ድርሻ ሳያገኝ ቀረ፤ ይህም ራሱን የቻለ የፍርድ ጉዳይ ስለ ሆነ እዚህ አንገባበትም። መድኃኒቱ ለሕሙማን መታደል በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ ከሕመማቸው የዳኑት ሰዎች አንዳንዶቹ ሚዛናቸውን እየሳቱ ሲንገዳገዱ፣ አንዳንዶቹም መስማት ሲሳናቸው ታየ። ከዚያም ኒዮማይሲን በ1949፣ የጃፓኑ ሊቅ ሐማኦ ኡሜዛዋ ያገኘው ካናማይሲን በ1957፣ ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚታወቀው ጄንታማይሲን በ1963 ተከታትለው ወጡ። ሁሉም ብርቱ ፈዋሾች ናቸው፤ ሁሉም ግን በኩላሊትና በጆሮ ላይ አደጋ አላቸው፤ የኩላሊቱ ጉዳት መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስ ሲሆን፣ የጆሮው አይመለስም።

አይመለስም ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በእያንዳንዱ ጆሮ፣ ጠምዘዝ ባለው በኮክሊያ ውስጥ፣ 15,000 ያህል ፀጉራማ ሕዋሳት በተርታ ተሰልፈው ይገኛሉ። ድምፅ በኮክሊያው ፈሳሽ ውስጥ ሞገድ ሲያስነሣ፣ በሕዋሳቱ ራስ ላይ የበቀሉት ረቂቃን ፀጉሮች ዘንበል ይላሉ፤ በዘነበሉም ጊዜ ከዓይን የተሠወሩ ጥቃቅን በሮች ይከፈቱና የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ወደ ውስጥ ገብተው ለነርቭ የሚተላለፈውን መልእክት ያስነሣሉ። በደም በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮ የደረሰው የአሚኖግላይኮሳይድ ቅንጣትም የሚገባው በእነዚሁ በሮች ነው። ስለዚህ ለመስማት የተሰጠው መግቢያ ለጥፋትም መግቢያ ይሆናል፤ የሞተውንም ፀጉራማ ሕዋስ የሚተካ ሌላ አይበቅልም። ዶሮና ሌሎች አዕዋፍ የጠፋባቸውን የጆሮ ሕዋስ መልሰው እንደሚያበቅሉ በ1980ዎቹ መጨረሻ ታውቋል፤ የሰው ልጅ ግን፣ ከሌሎቹ አጥቢ እንስሳት ጋራ፣ ይህ ጸጋ አልተሰጠውም።

በዚህ ላይ ሕመምተኛውን የሚያዘናጋው አንድ ነገር አለ። ጉዳቱ የሚጀምረው ቀጭን ድምፅ ከሚሰማበት ከኮክሊያው ሥር ነው፤ ሰው ከሰው ጋራ የሚነጋገርበት ድምፅ ግን ከዚያ ወፈር ያለ ስለ ሆነ፣ ሕመምተኛው ከጎረቤቱ ጋራ እየተጨዋወተ፣ የሬዲዮውን ዜና እየሰማ፣ ምንም የጎደለበት ሳይመስለው ብዙ ሕዋሳት አልቀው ይገኛሉ። ጆሮው ጭው ማለት ሲጀምር፣ ወይም ሰው ሲያነጋግረው «እህ? ምን አልከኝ?» ማለት ሲያበዛ፣ ነገሩ ሩቅ ሄዷል። አንዳንዴም መድኃኒቱ ከቆመ ከሳምንታት በኋላ ጉዳቱ ይቀጥላል፤ ቅንጣቱ በውስጠኛው ጆሮ ለረጅም ጊዜ ይቆያልና።

ታዲያ ቅንጣቱ ወደ ሕዋሱ ከገባ በኋላ የሚገድለው በምን ዓይነት መንገድ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የሊቃውንቱ ዓይን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያረፈው በማይቶኮንድሪያ ላይ ነው። ማይቶኮንድሪያ ሕዋሱ የሚሠራበትን ኃይል የሚያዘጋጁ በሕዋስ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን አካላት ሲሆኑ፣ የራሳቸው ዘረ መልና የራሳቸው ፕሮቲን መሥሪያ አላቸው፤ ይህም መሥሪያ የባክቴሪያን መሥሪያ ይመስላል። አሚኖግላይኮሳይድ ደግሞ ባክቴሪያን የሚገድለው በፕሮቲን መሥሪያው ላይ ተጣብቆ ሥራውን በማበላሸት ነው። ለጠላት የተሳለው ፍላጻ ወዳጅንም ሊያገኝ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ምርምር ነገሩን አጸናው፤ በማይቶኮንድሪያ ዘረ መል በ1555ኛው ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ የተለወጠባቸው ሰዎች፣ በጥቂት መርፌ እንኳ መስማት ሊሳናቸው እንደሚችል ተረጋገጠ። ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ስለ ሆነ፣ ይህ ተጋላጭነት ከእናት ወደ ልጆቿ ሁሉ፣ ከሴት ልጆቿም ወደ ልጅ ልጆቿ ይተላለፋል። በአውሮፓ በተደረገ ጥናት ከ500 ሰው አንድ ያህሉ ይህን ለውጥ ይዞ ይገኛል።

ሆኖም ይህ ለውጥ የሌላቸው እጅግ ብዙ ሰዎችም በመድኃኒቱ ስለሚደነቁሩ፣ ነገሩ በዚህ ብቻ አይፈታም። ሁለተኛውን መንገድ ለመረዳት ሕዋስ ጉድፉን እንዴት እንደሚያስወግድ ማወቅ ያስፈልጋል።

የቤልጅጉ ሊቅ ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1963 ኦቶፋጂ ብሎ የሰየመው ግብር፣ ሕዋስ ያረጀውንና የተበላሸውን የራሱን አካል በስስ ሽፋን ጠቅልሎ ላይሶሶም ወደሚባለው ክፍል ልኮ የሚያፈርስበት፣ ፍራሹንም መልሶ ለአዲስ ሥራ የሚያውልበት ሥርዓት ነው። የጃፓኑ ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይህ ሥርዓት በየትኞቹ ዘረ መሎች እንደሚመራ በእርሾ ላይ አጥንቶ ስላሳየ በ2016 የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል። የደከመ ማይቶኮንድሪያ የሚወገደውም በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ፒንክ 1 የተባለው ፕሮቲን በተበላሸው ማይቶኮንድሪያ ላይ ይከማችና ፓርኪን የተባለውን ሁለተኛ ፕሮቲን ይጠራል፤ ፓርኪንም መጥቶ የሚወገደውን በምልክት ይለየዋል፤ ከዚያ በኋላ ሽፋኑ መጥቶ ይጠቀልለዋል። የዚህ ጽዳት ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ ከጉድለቱ ይታወቃል፤ ፒንክ 1 ወይም ፓርኪን ከውልደታቸው የተበላሸባቸው ሰዎች በወጣትነታቸው በፓርኪንሰን በሽታ ይያዛሉ፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ፣ እግራቸው መጎተት ይጀምራል።

እንግዲህ የሚያስደንቀው የምርምሩ ፍሬ እዚህ ላይ ይመጣል። በአሜሪካ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ በቦ ዣኦ መሪነት የሚሠራው የተመራማሪዎች ቡድን በ2022 ባሳተመው ጥናት፣ ጄንታማይሲን በፀጉራማው ሕዋስ ውስጥ ሪፖር 2 ከተባለ ፕሮቲን ጋራ እንደሚጣበቅ፣ ይህም ፕሮቲን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከፀጉሮቹ ለቆ ወደ ሕዋሱ ራስ ዙሪያ እንደሚሸሽ፣ በዚያም ጋባራፕ ከተባለው የኦቶፋጂ ዋነኛ አካል ጋራ ተገናኝቶ የጽዳቱን ሥርዓት እንደሚያውክ አሳየ። ተመራማሪዎቹ በአይጦች ላይ የሪፖር 2ን ወይም የጋባራፕን መጠን ሲቀንሱ፣ ጄንታማይሲን የተሰጣቸው አይጦች ፀጉራማ ሕዋሳቸው ሳይሞት፣ መስማታቸውም ሳይጎድል ቀረ። ከዚህም አልፎ ፒንክ 1 ወይም ፓርኪን ፈጽሞ የሌላቸው አይጦች ከመድኃኒቱ ጉዳት ተጠበቁ። የማይቶኮንድሪያ ጽዳት በሌለበት ሕዋሱ ተረፈ ማለት ነው!

ይህን ያነበበ ሰው፣ በወንጌል ያለው የእርሻው ባለቤት አገልጋዮቹ እንክርዳዱን ለመንቀል ሲቸኩሉ ስንዴውንም አብረው እንዳይነቅሉ ስለ ከለከላቸው ነገር ቢያስብ አይፈረድበትም። መድኃኒቱ ራሱ ሕዋሱን ገደለው ከማለት ይልቅ፣ መድኃኒቱ ያሳሳተው ሎሌ ገደለው ማለት ለእውነት ይቀርባል። በእኔ አስተያየት የምርምሩ ታላቅነት በዚህ ላይ ነው። መርዝ የሚገድል ከሆነ ያለን ምርጫ መርዙን መቀነስ ብቻ ነው፤ መጠኑ ሲቀነስ ግን ሕመሙም አይድንም፤ ስለዚህ ሐኪሙ በሁለት ክፉ ነገሮች መካከል ተይዞ ይቆማል። የሚገድለው የተሳሳተ ትእዛዝ ከሆነ ግን፣ መድኃኒቱ በሙሉ ኃይሉ ባክቴሪያውን እንዲዋጋ ትቶ፣ ትእዛዙን ለጥቂት ቀናት መግታት የሚቻልበት መንገድ ሊኖር ይችላል። የባክቴሪያው ሞትና የጆሮው ሞት በሁለት የተለያዩ መንገዶች የሚፈጸሙ ናቸውና አንዱን ዘግቶ ሌላውን ክፍት መተው ከአሳብ ውጭ አይደለም።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ጽዳቱን የሚያስቆም ክኒን ስጡን» ማለት ታላቅ ችኮላ ይሆናል። አንደኛ፣ ፓርኪን የጎደለው ሰው ምን እንደሚደርስበት አይተናል፤ አንጎል ከጆሮ ያላነሰ አካል ነው። ሁለተኛ፣ ሪፖር 2 ራሱ ለመስማት አስፈላጊ ፕሮቲን ነው፤ ከውልደታቸው ፈጽሞ ያጡት ሰዎችና አይጦች ደንቆሮዎች ናቸው፤ ስለዚህ የሚፈለገው ልኩን ማግኘት ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ከዚህ ተቃራኒ የሚመስል ነገር ማሳየቱ ነው፤ በዚያ ጥናት ኦቶፋጂን የሚያበረታ ራፓማይሲን የተባለ መድኃኒት ፀጉራማ ሕዋሳትን ከኒዮማይሲን ጉዳት ጠበቀ። አንዱ ጽዳቱ ሲቀነስ ይተርፋል ሲል፣ ሌላው ጽዳቱ ሲበረታ ይተርፋል ይላል። ላይ ላዩን ለሚመለከት ሰው ሊቃውንቱ እርስ በርሳቸው የተጣሉ ይመስለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ጊዜና ስለ ልክ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት የሚጠቅም ጽዳት፣ ሪፖር 2 ከቦታው ከተነቀለ በኋላ አጥፊ ሊሆን ይችላል። ይህ ጥርጣሬ እስኪጣራና በአይጥ የታየው በሰው እስኪፈተን ድረስ፣ ተስፋን ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ እንደ ተቀመጠ አድርጎ መናገር ሕዝብን ማታለል ነው።

ተስፋው ይዘገይ ይሆናል ተብሎ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም፤ አሁኑኑ ሊሠራ የሚችለው ነገር ብዙ ነውና። በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተር፣ ጽኑ ሕመም ይዟቸው ወደ ሕክምና ለሚገቡ ጨቅላ ሕፃናት፣ በ1555ኛው ቦታ ያለው ለውጥ መኖር አለመኖሩን ከጉንጭ ውስጥ በተወሰደ ናሙና በ26 ደቂቃ የሚያሳውቅ መሣሪያ ተሠርቷል። ውጤቱ በ2022 በታተመው ጥናት 751 ሕፃናት ተመርምረው ሦስቱ ለውጡን ይዘው ተገኙ፤ እነዚህም ሌላ ዓይነት መድኃኒት ተሰጥቷቸው ከአደጋው ዳኑ። በልጅነቱ መስማት የተሳነው ልጅ መናገርንም የሚያጣ መሆኑን ለሚያስብ ሰው፣ ሦስት ሕፃናት ጥቂት አይደሉም።

በአገራችን ደግሞ ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ የታየው መድኃኒት በተላመደው ቲቢ ሕክምና ላይ ነው። ይህ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር፣ እንደ ዓለሙ ሁሉ በካናማይሲን፣ በአሚካሲን ወይም በካፕሪዮማይሲን መርፌ ላይ የቆመ ነበር፤ ሕመምተኛው ለወራት በየቀኑ ይወጋ ነበር። ካፕሪዮማይሲን ከሌሎቹ ሁለት የተለየ ወገን ቢሆንም በጆሮ ላይ ያለው አደጋ ተመሳሳይ ነው። ከዚያ በኋላ ስትሪም በተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያውያን ሕሙማንም ተካፋይ ሆነው፣ በ2022 የታተመው የሁለተኛው ምዕራፍ ውጤት፣ መርፌ ከሚወስዱት ከ100 ሰዎች 9 ያህሉ ከባድ የመስማት ጉዳት ሲደርስባቸው፣ በመርፌው ፈንታ ቤዳኩዊሊን ያለበትን በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ከወሰዱት ግን 2 ያህሉ ብቻ እንደ ተጎዱ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት አስቀድሞ በ2019 መመሪያው ካናማይሲንንና ካፕሪዮማይሲንን ከዚህ ሕክምና አስወጥቷል። ይህ ለውጥ ስለ ምንም ዓይነት ፕሮቲን ማወቅን አልጠየቀም፤ የጠየቀው ሕሙማኑ የተናገሩትን መስማትንና ገንዘብ መመደብን ነበር። «ነፍስህ ተረፈች» የሚለው መልስ ለስንት ዓመት ከዚህ ውሳኔ እንዳዘገየን ማሰብ ያሳዝናል። ዛሬ ከቲቢያቸው ድነው በዝምታ ውስጥ የሚኖሩት ወገኖቻችን የማዳመጫ መሣሪያና የምልክት ቋንቋ ትምህርት የማግኘት መብታቸው፣ የሕክምናው ተረፈ ዕዳ ሆኖ በመንግሥት በጀት ሊያዝላቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ጄንታማይሲን ግን አሁንም አለ፤ ሊኖርም ይገባዋል። የጨቅላ ሕፃን ደም በባክቴሪያ በተመረዘ ጊዜ፣ ከሆስፒታል ርቃ በምትገኝ የገጠር ጤና ኬላ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከአሞክሲሲሊን ጋራ የምትሰጠው የጄንታማይሲን መርፌ የብዙ ሕፃናትን ሞት ያስቀረ ነው። በልኩ የተሰጠ የጥቂት ቀናት መርፌ አደጋው ከወራት መርፌ አደጋ ጋራ የሚተካከል አይደለም። ይህን ጽሑፍ ያነበበች እናት ለታመመ ልጇ የታዘዘውን መርፌ ፈርታ ብትመልስ፣ ጽሑፉ ከጥቅሙ ጉዳቱ በበዛ ነበር። የምፈራው ሌላውን ነገር ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ በሠፈር ውስጥ የሚወጋውን፣ የኩላሊትን አቅም ሳይመረምሩ በግምት የሚሰጠውን፣ ቀኑ አልፎ እንዲያው በልማድ የሚቀጥለውን።

ስለዚህ አሚኖግላይኮሳይድ የምታዙ ሐኪሞች ሆይ፣ መርፌው ከሳምንት በላይ የሚቀጥል ከሆነ ሕመምተኛውን ሳይዘገይ ለመስማት ምርመራ ላኩት፤ ምርመራውም ቀጭኑን ድምፅ ጭምር የሚለካ ይሁን፤ ከሕመምተኛው ጋራ በመነጋገር ብቻ ጆሮው ደኅና ነው ብላችሁ አትፍረዱ። ከእናቱ ወገን መርፌ ከተወጋ በኋላ የደነቆረ ዘመድ እንዳለውም ጠይቁት፤ ይህ ጥያቄ ገንዘብ አይፈጅም። አንተም መርፌውን የምትወስድ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ጆሮአችሁ ጭው ቢል ወይም ስትራመዱ ምድር ብትዞርባችሁ፣ መድኃኒቱን በራሳችሁ ሥልጣን ሳታቋርጡ፣ በዚያው ቀን ሄዳችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ።